መተግበሪያችንም መዝገብ ይኑረው

በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሆሳዕና ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር



ከሒሳብ ክፍል የምትጠብቁት የዓመቱን ሪፖርት እንደሆነ እናውቃለን። እሱ ከሰዓት በኋላ ይቀርባል። አሁን ሰብሳቢያችን ጊዜ የሰጡን ስለ ቁጠባ መተግበሪያችን እንድንናገር ነው። ስለ አጠቃቀሙ አይደለም፤ እሱን ብዙዎቻችሁ ከእኛ በላይ ታውቁታላችሁ። የምንናገረው መተግበሪያው ሲስተካከል ማን እንደሚያስተካክለው፣ ማን እንደሚያጸድቀው፣ አዲሱ ስልካችሁ ላይ ከመድረሱ በፊት ማን እንደሚያየው ነው። ይህ የኮምፒውተር ሰዎች ጉዳይ ይመስላል። እኛም እስከ ባለፈው ዓመት ድረስ እንደዚያ ይመስለን ነበር።

ሐሳባችንን የለወጠው አንድ የቁጠባ ደብተር ነው። ከዶዮገና ቡድኖቻችን የአንዱ አባል የሆነች እናት በግ ለማድለብ 6,000 ብር ተበድራ ነበር፣ በአሥር ወር የሚመለስ። በጎቹን ለፋሲካ ሸጣ ብድሯን ጨርሳለች። ደብተሯ ላይ የአሥሩም ወር ክፍያ አለ፣ የገንዘብ ያዧም ፊርማ አለ። ከዚያ መተግበሪያው አዲስ ለውጥ ተደረገበት፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ስልኩ ሲከፈት 270 ብር ዕዳ አለባት ይላል። ቡድኑ ፊት፣ በጎረቤቶቿ ፊት። ዕዳዋን ጨርሳ እንደገና ባለዕዳ የተባለች ሰው ምን እንደሚሰማት እዚህ ላለነው መንገር አያስፈልግም። «እኔ አላጭበረበርኩም» ብላ ደብተሯን በነጠላዋ ጠቅልላ እዚህ ሆሳዕና ድረስ መጣች።

270 ብሩ ከየት መጣ? ይህን ማግኘት የእኛ ሥራ ነበርና ቁጭ ብለን አሰላን። በእሷ ቡድን ደንብ የአገልግሎት ክፍያው በወር አንድ ከመቶ ሆኖ በቀሪው ብድር ላይ ይታሰባል። በየወሩ 600 ብር ስትመልስ ቀሪው ይቀንሳል፣ ክፍያውም ከ60 ብር ተነስቶ እየቀነሰ በመጨረሻው ወር 6 ብር ይደርሳል፤ ድምሩ 330 ብር ነው። ሌሎች አዲስ ቡድኖች ግን በመነሻው ብድር ላይ እንዲታሰብ ወስነው ነበር፤ እዚያ በወር 60 ብር ሳይለወጥ ይቀጥላል፣ በአሥር ወር 600 ብር። 600 ሲቀነስ 330፣ 270 ብር። መተግበሪያውን የሠራልን ባለሙያ ለአዲሶቹ ቡድኖች ያስገባው ስሌት ሁሉም ላይ ተፈጻሚ ሆኗል፤ የተዘጋውን ብድር ሳይቀር ወደ ኋላ ሄዶ ከፍቶታል።

ስሕተት በሰው ይደርሳል፤ እኛም በደረሰኝ ድምር እንሳሳታለን። የከበደን ቀጥሎ የሆነው ነው። «እንግዲያው ወደ ቀድሞው ይመለስ» ስንል የቀድሞው የለም ተባልን። አዲሱ በአሮጌው ላይ ተጽፏል። ኮዱ ያለው በአንድ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው። በላፕቶፑ ላይ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»፣ «እውነተኛው የመጨረሻ» የሚሉ ማኅደሮች ነበሩ፤ የትኛው በየትኛው ስልክ ላይ እንዳለ የሚያውቅ የለም። ፋይሉ በቴሌግራም ሲላክ ከስልክ ወደ ስልክ ሲሻገር የሾኔ ቡድኖች አንዱን ይዘዋል፣ የዱራሜዎቹ ሌላውን። አንድ ማኅበር ሆነን በሁለት ሒሳብ እንሠራ ነበር ማለት ነው። የዶዮገናዋን እናት ነጻ ያወጣት ደብተሯ ነው። ወረቀቱን ለማስቀረት የነበረው ሐሳብ ያን ቀን ቀረ፤ አሁንም እንደቀረ ነው።

በዚያው ሰሞን ሥራውን ከዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ተመርቀው ለወጡ ሁለት ልጆች ሰጠን። መጀመሪያ የጠየቅናቸው መተግበሪያውን እንዲያሳምሩ አልነበረም። «እኛ በመዝገባችን የምናደርገውን እናንተ በኮዳችሁ የምታደርጉበት መሣሪያ አለ ወይ?» አልናቸው። ሒሳብ ሠራተኛ ቁጥር ፍቃ አትጽፍም። ስትሳሳት በአዲስ ቀን፣ በአዲስ ቁጥር፣ ከማብራሪያ ጋር የማስተካከያ ምዝገባ ታደርጋለች፤ ስሕተቱም እርማቱም ይታያሉ። ልጆቹ ተያይተው ሳቁ። «እሱማ ጊት ነው» አሉን።

ጊትን እ.ኤ.አ. በ2005 የሠራው ሊነክስን የጀመረው ፊንላንዳዊው ሊነስ ቶርቫልድስ ነው። እንደገባን እንንገራችሁ፤ ልጆቹ እዚህ አሉ፣ ከተሳሳትን ያርሙን። እያንዳንዱ ለውጥ እንደ ጆርናል ምዝገባ ይቀመጣል፦ ማን፣ መቼ፣ ምን ለወጠ፣ ለምን። እያንዳንዱ ምዝገባ ከበፊቱ ምዝገባ ጋር በአንድ ዓይነት የጣት አሻራ ተያይዟል፤ የአምና ምዝገባ በስውር ቢነካ ከዚያ ወዲህ ያለው አሻራ ሁሉ ይለወጣል፣ ሌላ ቅጂ ካለው ሰው ጋር ሲነጻጸርም ይጋለጣል። የቀድሞው ሥራ ሲፈለግ ይመለሳል፣ መመለሱም ራሱ አዲስ ምዝገባ ሆኖ ይጻፋል። ሙሉው ታሪክ በእያንዳንዱ ሠራተኛ ኮምፒውተር ላይ ስለሚቀመጥ ኔትወርክ በጠፋ ጊዜም ይሠራል፤ ለእኛ ለሆሳዕናና ለዱራሜ ሰዎች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። አንድ ነገር ግን አስጠንቅቀውናል። በጊት ላይ የሚጻፈውን ስም ሠራተኛው ራሱ ነው የሚሞላው፣ የሌላ ሰው ስም መጻፍም ይቻላል። ስም ፊርማ አይደለም። ስለዚህ ማን እንደገባ በይለፍ ቃል የሚለይ፣ ዋናውን መዝገብ የሚቆልፍ አንድ ቤት ያስፈልጋል።

ሁለቱ ታዋቂ ቤቶች ጊትሃብና ጊትላብ ናቸው፤ ንጽጽራችን በአብዛኛው በእነሱ መካከል ነበር። ጊትሃብ እ.ኤ.አ. በ2008 ተከፍቶ በ2018 ማይክሮሶፍት በ7.5 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶታል። ልጆቹ የሚያውቁት እሱን ነው፣ ሥራ ፈላጊ ወጣት ሥራውን የሚያሳየውም እዚያ ነው፣ የመማሪያ ቪዲዮውም ይበዛል። ልባቸው ወደዚያ እንደነበር አልደበቁንም። ጊትላብን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 ዲሚትሪ ዛፖሮዤትስ የሚባል የዩክሬን ወጣት ጀመረው። ቤቱ የቧንቧ ውኃ አልነበረውም፤ በየቀኑ ከጉድጓድ ይቀዳ ነበር። ከውኃው ይልቅ ያስቸገረው አብሮ ለመሥራት የሚመች መሣሪያ ማጣቱ ነበር ይባላል። ይህን ስንሰማ ከመካከላችን አንዷ «ውኃውን የሚቀዳው እሱ ራሱ ከነበረ እውነት አይመስለኝም» ብላ አስቃናለች።

ለምርጫችን የወሰነው ግን የመቆለፊያው ጉዳይ ነው። እኛ የምንፈልገው ልጆቹ እንደልባቸው እንዲሠሩ፣ ነገር ግን ሥራቸው ወደ ዋናው መስመር የሚገባው ከእኛ ወገን ያለ ሰው ሲፈቅድ ብቻ እንዲሆን ነው። ገንዘብ ያዥና ሒሳብ ሠራተኛ አንድ ሰው አይሆኑም፤ ይህም እንደዚያው ነው። በጊትሃብ ይህ ቁልፍ ኮዱ ለዓለም ክፍት ከሆነ በነጻ ይሰጣል። ኮዱ በግል የሚያዝ ከሆነ ግን ማኅበር የሚከፍለው በሰው በወር 4 ዶላር ነው። ጊትላብ ኮዱ በግል ቢያዝም ዋናውን መስመር መቆለፍን በነጻው ውስጥ ሰጥቷል፦ ልጆቹ «ዴቨሎፐር» ተብለው ይገባሉ፣ ማቅረብ እንጂ መቀላቀል አይችሉም፤ እኛ «ሜንቴነር» ተብለን እንገባለን፣ የመቀላቀሉ ቁልፍ የእኛ ነው።

አራት ዶላር ምን ያህል ነው የምትል ትኖራለች። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪ በገበያ እንዲተመን ከተወሰነ ወዲህ የዶላር ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሆኗል፤ በዚያ ላይ ከእኛ የባንክ ሒሳብ በየወሩ በዶላር መክፈል ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። አንድ ወር ክፍያው ቢዘገይ ቁልፉ ይከፈታል ማለት ነው። በወርኃዊ ዶላር የሚቆም ቁጥጥር ለእኛ ቁጥጥር አይደለም።

ኮዱን ለዓለም እንክፈተው የሚለው ሐሳብም በቁም ነገር ታይቷል። ኮድ የአባላት ስምና ገንዘብ አይደለም፤ የስሌቱ ደንብ ነው፣ ሌላ ማኅበርም ቢጠቀምበት ደስ ይለናል። ነገር ግን ከአሮጌው ላፕቶፕ የተረፈውን ሲያገላብጡ ልጆቹ የመረጃ ቋቱ ይለፍ ቃል ኮዱ ውስጥ በግልጽ ተጽፎ አገኙት። የካዝና ቁልፍ በበሩ ላይ ተሰክቶ እንደማደር ነው። ይለፍ ቃሉ ተለውጧል፤ ቢሆንም ቤቱ ተጠርጎ እስኪያልቅ በሩን አንከፍትም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ደግሞ የአባላትን መረጃ አያያዝ እንደ ቀላል ማየት አይገባንም። በሙከራ ላይ የምንጠቀምባቸው ስሞች ሁሉ የፈጠራ ናቸው።

ለጊትሃብ ፍትሐዊ እንሁን። የሙከራ ማሽኑን በነጻ የሚሰጥበት ጊዜ ይበልጣል፤ በግል ለተያዘ ኮድ በወር 2,000 ደቂቃ ነው፣ ጊትላብ 400 ደቂቃ ነው የሚሰጠው። ይህ የሙከራ ማሽን ምንድነው? ለእኛ ከሁሉም በላይ የጠቀመን ይህ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት።

«እናንተ ኮድ ማንበብ አትችሉም፣ ታዲያ ምኑን ነው የምታጸድቁት?» ብለው አንዲት እናት በስብሰባ ጠይቀውን ነበር። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። አናነብም። ስለዚህ በእጃችን አሥር ብድሮችን በወረቀት አሰላን፣ የተለያየ መጠን፣ የተለያየ ደንብ፣ ያዘገየች፣ ቀድማ የጨረሰች፣ በሐዘን ምክንያት ሁለት ወር የተዘለለላት ያሉበት። መልሱን እኛ እናውቀዋለን። ልጆቹ አንድ ነገር በለወጡ ቁጥር ማሽኑ አሥሩንም ብድሮች ያሰላና ከእኛ መልስ ጋር ያመሳክራል። አንዷ ብር እንኳን ብትለይ ቀይ ያሳያል፣ እኛም አንቀላቅልም። የመጀመሪያው ምሳሌ 6,000 ብር፣ አሥር ወር፣ መልሱ 330 ብር ነው። ባለፈው ጥር አንድ ለውጥ በአራተኛው ብድር ላይ ቀይ አሳይቶ ተመልሷል፤ ማንም ገበሬ፣ ማንም ነጋዴ ስልኳ ላይ አላየችውም። ለዚህ ሥራ 400 ደቂቃው ይበቃናል።

የጊትላብ ነጻ አገልግሎት በግል ለተያዘ ሥራ ከአምስት ሰው በላይ አያስገባም። ወደዚህ በኋላ እንመለሳለን። የራሳችንን ጊትላብ በራሳችን ሰርቨር እንትከል የሚልም ነበር፣ ይቻላልም። ግን መብራት ሲጠፋ ማን ይነሳል? አልፈነዋል።

የእናንተን አስተያየት መቀበያውን በተመለከተ ጂራን አየን፣ ትሬሎን አየን። ጂራ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ያለ የትልልቅ ድርጅቶች መሣሪያ ነው፣ እስከ አሥር ሰው በነጻ ነው፤ ስሙ ከጎድዚላ የጃፓን ስም የተወሰደ ነው፣ ከፍተን ስናየውም አስፈራን። ትሬሎ ቀላል ነው፤ ካርዶቹን በአማርኛ «የቀረበ»፣ «የተፈቀደ»፣ «በሥራ ላይ»፣ «በሙከራ ላይ»፣ «የወጣ» እያልን ደርድረን ወደነው ነበር። ነገር ግን ከገንዘብ ያዦቻችን አንዷም አልገባችበትም። እናንተ የምትናገሩት በቴሌግራም ነው፣ በድምፅ፣ በሀዲይሳና በከምባትሳ። አንዲት እናት በድምፅ ሁለት ደቂቃ የነገረችን በካርድ አይጻፍም። ስለዚህ አልታገልናችሁም። ቴሌግራም ይቀጥላል። ነገር ግን ቴሌግራም ላይ መልእክት ከሁለቱም ወገን ስልክ ሊሰረዝ ይችላልና መዝገብ አይሆንም። በቴሌግራም የመጣውን ሁሉ እኛ ተከታታይ ቁጥር ሰጥተን ጊትላብ ላይ እንጽፋለን፣ ቁጥሩንም እንመልስላችኋለን። ጥያቄ አቅርባ ቁጥር ያልተሰጣት ካለች ጥያቄዋ አልተቀበለችምና ደግማ ትጠይቀን፤ እኛንም ትውቀሰን።

ወደ መልቀቁ እንምጣ። ፋይል በቴሌግራም መላክ ቀርቷል። መተግበሪያው የሚወጣው በጎግል ፕሌይ ነው፣ መመዝገቢያው አንድ ጊዜ የሚከፈል 25 ዶላር ነው። እዚህ ላይ ሁለት መንገድ ነበር። በአንዱ ልጅ ስም የግል መለያ መክፈት ፈጣን ነው፤ የድርጅት መለያ ግን ዳንስ የሚባል ዓለም አቀፍ የድርጅት መለያ ቁጥር ይጠይቃል፣ ቁጥሩ በነጻ ቢሰጥም ሳምንታት ያስጠብቃል። ብዙ ሰው አቋራጩን ምረጡ አለን። እኛ እምቢ አልን። ልጁ ነገ አዲስ አበባ ቢቀጠር፣ ወይም እንደ ብዙ የአካባቢያችን ልጆች ደቡብ አፍሪካ ቢሄድ፣ የማኅበራችን መተግበሪያ ቁልፍ አብሮት ይሻገራል። ክፉ ልጅ ስለሆነ አይደለም። የባንክ ሒሳባችንን በማንም ሰው የግል ስም አንከፍትም፤ ይህንንም እንዲሁ።

ጎግል እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2023 አጋማሽ ወዲህ ለተከፈቱ የግል መለያዎች አንድ ግዴታ ጥሏል፤ መተግበሪያው ለሕዝብ ከመውጣቱ በፊት በዝግ ሙከራ፣ ለ14 ተከታታይ ቀናት፣ መጀመሪያ በ20 ሰው፣ በኋላ ተቀንሶ በ12 ሰው መሞከር አለበት። የድርጅት መለያ ይህ አይመለከተውም። ልጆቹ ደስ ብሏቸው ሲነግሩን እኛ «እንግዲያውስ ደንቡን ለራሳችን እናውጣው» አልን። አሁን እያንዳንዱ አዲስ እትም ከሁሉም ወረዳ በተመረጡ 12 ገንዘብ ያዦች ስልክ ላይ 14 ቀን ይቆያል። 14 ቀን ሁለት የቡድን ስብሰባ ነው፤ በደብተሩና በስልኩ ጎን ለጎን ይመዘገባል።

ፕሌይ ላይ አዲሱን እትም ለሁሉም ከመልቀቅ ለአሥር ወይም ለሃያ ከመቶ ተጠቃሚ ቀስ በቀስ መልቀቅም ይቻላል። ለትልልቅ ባንኮች ጥሩ ነው። እኛ አልተጠቀምንበትም፤ የሚደርሳቸውን ሰዎች የሚመርጠው በዕጣ ነውና ከአንድ ቡድን ጸሐፊዋ አዲሱን፣ ገንዘብ ያዧ አሮጌውን ይዘው ሊቀመጡ ይችላሉ። ከዚያ በሽታ ነው የወጣነው። ሌላም ልብ ያልነው ነገር አለ። ስሕተት ተገኝቶ መልቀቁ ቢቆም እንኳን አንድ ጊዜ ስልክ ላይ የገባ እትም ወደ ኋላ አይመለስም። ማረም የሚቻለው ከፍ ያለ ቁጥር ባለው በአዲስ እትም ብቻ ነው። ይህን ስንሰማ ከጎግል ጋር ተስማማን፤ የማስተካከያ ምዝገባ ማለት ይኸው ነው።

ጊትላብን መርጠን ስናበቃ አንድ ክፉ ታሪኩንም አንብበናል። እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2017 ሌሊት አንድ የድርጅቱ ሠራተኛ በተሳሳተ ሰርቨር ላይ የመረጃ ቋታቸውን ሰረዘው። የመጠባበቂያ ቅጂ የሚይዙበት አምስት መንገድ ነበራቸው፤ ሲፈለግ አንዱም እንደሚገባ አልሠራም። ያዳናቸው ያ ሠራተኛ ከስድስት ሰዓት በፊት ለሌላ ሥራ የያዘው ቅጂ ነው። የደንበኞች ኮድ ባይጠፋም የስድስት ሰዓት መረጃ ጠፋ። የወደድንላቸው ሁሉን ነገር ሳይደብቁ መጻፋቸውን ነው፤ የማገገሙን ሥራ በቀጥታ ቪዲዮ አሳይተውታል። የተማርነው ግን ሌላ ነው። በየወሩ መጨረሻ፣ ሒሳብ በምንዘጋበት ቀን፣ ሙሉ ኮዱን በሁለት ፍላሽ እንገለብጣለን፤ አንዱ እዚህ፣ አንዱ ዱራሜ ይቀመጣል። በየሦስት ወሩም ከፍላሹ አውጥተን መሥራቱን እንሞክራለን። በመጀመሪያው ሙከራ አንዱ ፍላሽ ባዶ ነበር። የእኛ ጥፋት ነው፣ ገልብጠናል ብለን ፈርመንበት ነበር።

ለደጋፊዎቻችን አንድ ቃል፣ በቅሬታ ሳይሆን በአደራ። የፕሮጀክት በጀት ሲጻፍ «መተግበሪያ ማሠራት» የሚል መስመር አለው፤ «መተግበሪያ መጠበቅ» የሚል የለውም። የሁለቱ ልጆች ደመወዝ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ በአባላት መዋጮ ነው የቆመው። መሣሪያዎቹ ነጻ ናቸው፤ ሰዎቹ ግን ምሳ ይበላሉ።

አሁን ወደ አምስቱ ወንበሮች። በጊትላብ ነጻ አገልግሎት ካሉን አምስት ቦታዎች አንዱ የማኅበሩ ራሱ ነው፣ ባለቤትነቱ የተመዘገበበት፤ ይለፍ ቃሉ በታሸገ ፖስታ ባለ ሦስት ቁልፉ ሣጥን ውስጥ ነው። ሁለቱ የልጆቹ ናቸው። አንዱ የሒሳብ ክፍል ነው። አምስተኛው ባዶ ነው። እስካሁን ማጽደቁ በእኛ በሆሳዕና ሰዎች እጅ ብቻ ነበር፤ የዱራሜና የዶዮገና እናቶች ይህን አንስተውብናል፣ እውነት ነበራቸው። የሒሳብ ክፍሉ ሲታመምም ሲወልድም ሥራ ቆሟል።

ስለዚህ ከሻይ በኋላ አምስተኛዋን ታጸዳቂ ትመርጣላችሁ። ከከምባታ ወገን ብትሆን እንመርጣለን። ኮድ ማወቅ አይጠበቅባትም፤ ከሁለቱ ልጆች ጋር ዝምድና የሌላት፣ ስማርት ስልክ ያላት፣ «አይሆንም» ማለት የማይከብዳት ትሁን። ዕጩዎች ሦስት ብድር በወረቀት ታሰላላችሁ፣ አንዱ በቀሪው፣ አንዱ በመነሻው፣ ሦስተኛው ሁለት ወር የተዘለለበት። እርሳስና ካልኩሌተር በጓሮው በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠናል።